ጥርስ ሳይታመም፦ ለየካና ለእንጦጦ ግርጌ ነዋሪዎች የቀረበ ማሳሰቢያ

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ኮተቤ፣ ከቀበና እስከ የካ ሚካኤል ድረስ የጥርስ ሕመም ያላንኳኳው በር ማግኘት ከባድ ነው። ሆኖም አብዛኞቻችን ጥርስ እንዳለን የምናስታውሰው ሌሊት ሲቀሰቅሰን ነው። ያኔ ሐኪም ቤት እንሄዳለን፤ ጥርሱ ግን ብዙ ጊዜ ከመሞላት አልፎ ለመነቀል ደርሷል። ይህ ማሳሰቢያ የተጻፈው ከዚያ ሌሊት በፊት ላሉት ዓመታት ነው። የሚጠየቀው ነገር ጥቂትና ርካሽ ነው፤ በአንድ ክፍል ቤት ከነልጆቹ የሚኖር ሰው ሊያደርገው ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት ወደ 3.5 ቢሊዮን የሚጠጋ ሰው የአፍ ውስጥ በሽታ እንዳለበት፣ አብዛኛውንም መከላከል እንደሚቻል ገልጿል። በሽታው የሚጀምረው እንዲህ ነው። በጥርስ ላይ ዘወትር ቀጭን፣ የሚያጣብቅ ሽፋን ይፈጠራል። ሽፋኑ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ የምንወስደውን ስኳር ወደ አሲድ ይለውጣል፤ አሲዱም የጥርሱን ጠንካራ ልባስ ያሟሟዋል። ምራቅ ጉዳቱን ይጠግናል፤ ለዚህ ግን ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ፋታ ያስፈልገዋል። ፋታ ያጣ ጥርስ ይቦረቦራል። ሽፋኑ በድድ ጠርዝ ላይ ከከረመ ደግሞ ይጠነክራል፤ ድዱ ያብጣል፣ ይደማል፣ ከጥርሱ እየሸሸ ይሄዳል፤ ምንም ያልተቦረቦረ ጥርስ ሳይቀር መነቃነቅ ይጀምራል። ጥርስ ውስጥ ትል የለም። እርጅናም ብቻውን ጥርስ አያረግፍም።

ከሁሉ በፊት፦ ማታ

– ጥርስዎን ሳይቦርሹ አይተኙ። ከዚህ ማሳሰቢያ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህንን ይያዙ። በእንቅልፍ ሰዓት ምራቅ በጣም ይቀንሳል፤ ከእራት የተረፈው ሁሉ ያለ ተከላካይ ሌሊቱን ሙሉ ጥርስ ላይ ይሠራል። ብዙዎቻችን የምንቦርሸው ጠዋት ብቻ፣ ሰው ፊት ከመቅረባችን በፊት ነው። ለሰው ሲባል የሚደረገው የጠዋቱ ነው፤ ለጥርሱ ሲባል የሚደረገው የማታው ነው። ሁለቱንም ያድርጉ፤ አንዱ የግድ ከቀረ የጠዋቱ ይቅር።

– ሁለት ደቂቃ ይስጡት። ለስላሳ ብሩሽ ይምረጡ፤ ጥርስና ድድ ከሚገናኙበት መስመር ጀምረው በትንንሽ ዙር ያንቀሳቅሱት። ከውጭ፣ ከውስጥ፣ ከላይ። በኃይል መፈተግ ድድን ያሸሻል እንጂ አያጸዳም።

– ቦርሸው ሲጨርሱ አረፋውን ይትፉ፤ በብዙ ውሃ አይጉመጥመጡ። በጥርስ ሳሙናው ውስጥ ያለው፣ ጥርስን የሚያጠነክረው ፍሎራይድ ጥርሱ ላይ ጥቂት እንዲቆይ ያስፈልጋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከፍታ ሠፈር ለሚኖር ሰው ይህ ጥሩ ዜና ነው፤ ጥርስን በደንብ ለማጽዳት አንድ ሲኒ ውሃ ይበቃል። “ውሃ ስለጠፋ” የሚለው ምክንያት ለጥርስ አይሠራም።

– ድድዎ ሲደማ ብሩሹን አይጣሉ። የሚደማው በብሩሹ ምክንያት ሳይሆን ጠርዙ ላይ ሽፋኑ ስለከረመ ነው። በቀስታ፣ በየቀኑ ይቀጥሉ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልቆመ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ነፍሰ ጡር እናቶች በተለይ ልብ ይበሉ። በእርግዝና ጊዜ ድድ ቶሎ ይቆጣል፤ ፅንሱ ግን ከእናቱ ጥርስ ካልሲየም አይወስድም። ካስመለሰዎት አፍዎን በውሃ ያጥቡና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይቦርሹ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰውም ድዱን ችላ ማለት የለበትም፤ የታመመ ድድ ስኳሩን ያባብሳል፣ ከፍ ያለ ስኳርም ድዱን ይጎዳል።

– ብሩሽ አይዋዋሱ፤ ባልና ሚስትም ቢሆኑ። ጸጉሩ ሲበታተን፣ ወይም ቢበዛ በሦስት ወር ይቀይሩት።

የሳሙናው ነገር

– ሲገዙ ፍሎራይድ እንዳለበት ከማሸጊያው ላይ ያንብቡ። ከ1,000 እስከ 1,500 ፒፒኤም የሚል ቁጥር ይፈልጉ። የዓለም ጤና ድርጅት ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙና እ.ኤ.አ. በ2021 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፤ የመዋቢያ ዕቃ አድርጎ መቁጠር ስህተት ነው። ለእኛ ይበልጥ ያስፈልገናል። ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች የሚመጣው ውሃ የዝናብና የወንዝ ውሃ በመሆኑ የፍሎራይድ መጠኑ ዝቅተኛ ነው።

– ልጆች ሳሙናውን እንዲውጡ አይፍቀዱ። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላለ የአተር ፍሬ የምታህል ትበቃለች። በማስታወቂያ ላይ እንደሚታየው ብሩሹን ከዳር እስከ ዳር መሙላት ለአዋቂም አያስፈልግም።

– ጥርሱ ቡናማ የሆነን ሰው “ጥርሱን አይታጠብም” ብለው አይፍረዱ። በመካከላችን ከወንጂ፣ ከመተሐራ፣ ከዝዋይ አካባቢ የመጡ ብዙ ወገኖች አሉ። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ በብዙ ቦታ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊግራም በእጅጉ ይበልጣል፤ ጥርሱን የሚያበልዘውም ይኸው ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ችግሩን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለዓለም አሳውቀዋል። ጥርሱ የሚበልዘው ገና በድድ ውስጥ ሲሠራ፣ በልጅነት ነው፤ ከዚያ በኋላ በአመድ ቢፈተግ በሎሚ ቢታሽ አይለቅም። ክፍል ውስጥ በጥርሱ ምክንያት አፉን ሸፍኖ የሚስቅ ልጅ ያለበት መምህር ይህን ለተማሪዎቹ ቢያስረዳ ትልቅ ውለታ ይውላል።

– በከሰል፣ በአመድ፣ በአሸዋ ወይም በሎሚ ጥርስ ለማንጣት አይሞክሩ። የሚነሳው ልባሱ ነው፤ ተመልሶም አይበቅልም።

መፋቂያን በተመለከተ

መፋቂያ የኋላ ቀርነት ምልክት አይደለም። ወይራውም ክትክታውም ለዘመናት አገልግለውናል፤ በአግባቡ የተፋቀ ጥርስ ንጹሕ ይሆናል። አጠቃቀሙን ግን ብዙዎች ረስተነዋል።

– የእርሳስ ውፍረት ያለው እርጥብ እንጨት ይምረጡ። ጫፉን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይላጡ፣ ክሩ እስኪበታተንና እስኪለሰልስ ያኝኩት። ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ በቀስታ ይፋቁ። በደረቁ፣ በሾለ ጫፍ ድድን መውጋት መፋቅ አይደለም።

– የፊት ጥርስ ብቻ ፍቀው አይተዉት። መፋቂያ የሚደክመው በመንጋጋዎችና ከምላስ ጎን ባለው ገጽ ላይ ነው። ጊዜ ወስደው ወደዚያ ያድርሱት።

– የተጠቀሙበትን ጫፍ በየቀኑ ቆርጠው አዲስ ያውጡ። መሬት ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ የሰው ደጅ ላይ አይትፉት፤ አይጣሉትም።

– ጠዋትና ቀን በመፋቂያ ቢጠቀሙም ማታ በሳሙና ይቦርሹ፤ እንጨቱ ከሳሙናው የሚገኘውን ያህል ፍሎራይድ አይሰጥም።

– የማያውቁትን ዛፍ አፍዎ ውስጥ አይክተቱ። ቅንጭብና ቁልቋል የመሳሰሉት ወተታቸው አፍና ዓይን ያቃጥላል።

– ከእንጦጦ ፓርክ፣ ከአብያተ ክርስቲያናት ቅጥርና በአረንጓዴ አሻራ ከተተከሉ ቦታዎች የወይራ ችግኝ አይቁረጡ። ባህር ዛፍ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ተራራውን ከሸፈነው ወዲህ የተረፈው የአገር ዛፍ ጥቂት ነው። ለመፋቂያ የሚቆረጠው የወይራ ቅርንጫፍ ትንሽ ይመስላል፤ የሚቆርጠው ሰው ግን ብዙ ነው። ከሻጭ ይግዙ፤ ግቢ ካለዎት ደግሞ አንድ ወይራ ይትከሉ።

ስኳርን በተመለከተ

ጥርስን የሚጎዳው የስኳሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን የሚወሰድበት ድግግሞሽ ነው። ቡናችንን እንመልከት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሁለት ሰዓት በሚዘልቀው ሥነ ሥርዓት በየሲኒው ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ብናደርግ ስድስት ማንኪያ፣ 25 ግራም ገደማ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ለቀኑ ሙሉ ቢበዛ የሚመርጠው መጠን ይኸው ነው። ከመጠኑም ይልቅ ጊዜው ያሳስበኛል። የመጀመሪያው ሲኒ አሲድ ሳይበርድ ሁለተኛው ይመጣል፣ ያ ሳይበርድ ሦስተኛው። ጥርሱ ሁለቱን ሰዓት ሙሉ፣ ከዚያም በኋላ፣ አሲድ ውስጥ ይቆያል። የቡናውን ወግ ማንም አይንካው፤ ጎረቤት የሚገናኝበት ነው። የሚለወጠው ስኳሩ ነው።

– አቦሉን በስኳር የለመዱ ቶናውንና በረካውን ያለ ስኳር ይጠጡ። ጤና አዳም ጣል ያለበት ቡና ስኳር አይጠይቅም። አስተናጋጇ እናት ስኳሩን ሲኒው ውስጥ ቀድማ ከምታደርግ ለየብቻ ብታቀርበው ብዙ ሰው ይቀንሳል።

– ለስላሳ መጠጥ፣ ከረሜላ፣ ብስኩትና የታሸገ ጁስ ለልጅ ከሰጡ ከምግብ ጋር፣ በአንድ ጊዜ ይሁን። ቀኑን ሙሉ ኪሱ ውስጥ ይዞ የሚመጥጠው አንድ ከረሜላ በምሳ ሰዓት ከሚበላ ቁራጭ ኬክ ይከፋል። በምሳ ዕቃው ላይ ካሮት፣ ሙዝ፣ ቆሎ ይጨመርለት፤ መጠጡ ውሃ ይሁን።

– ሕፃን ጡጦ አፉ ውስጥ ይዞ እንዲተኛ አያድርጉ። ስኳር ያለበት ሻይ ወይም ወተት ከሆነ የላይኛው የፊት ጥርሶቹ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ጠቁረው ሊቆረሱ ይችላሉ።

– ጫት የሚቅሙ ሰዎች ጉንጭ ውስጥ በሚቆየው ቅጠል ምክንያት ድዳቸው በዚያ በኩል ይሸሻል፤ በላዩ የሚጠጣው ለስላሳና ሻይ ደግሞ ጥርሱን ይቦረቡራል። ቢተዉት ይሻላል፤ እስከዚያው መጠጡ ንጹሕ ውሃ ይሁን።

– በጾም ወራት ማታ ከእራት በኋላ ያለውን መቦረሽ አያስታጉሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም የማይቀምስ ሰው አፉ ይደርቃል፤ የማታው መቦረሽ እስከ ነገ ያገለግለዋል። በረመዳንም ከሱሁር በኋላ፣ ጎሕ ሳይቀድ ይቦርሹ።

– በእንጦጦ ለምትሮጡ። ሦስት ሺህ ሜትር ባለፈ ከፍታ፣ በንጋት ብርድ፣ በአፍ እየተነፈሱ መሮጥ ምራቅን ያደርቃል። በዚያ ላይ የኃይል መጠጥ እየተጎነጩ መውጣትና መውረድ ጥርስን ያለ መከላከያ ይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን ኦሎምፒክ 302 አትሌቶች ተመርምረው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የተቦረቦረ ጥርስ ተገኝቶባቸዋል፤ ልምምዳቸውንና ውድድራቸውን እንደጎዳባቸው የተናገሩም ነበሩ። መጠጡን በአንድ ጊዜ ጠጥታችሁ በውሃ ተጉመጥመጡ፤ ወዲያው አትቦርሹ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። የጥርስ ምርመራ የልምምድ ዕቅዳችሁ አካል ይሁን።

ወላጆች ሆይ

– የመጀመሪያዋ ጥርስ ብቅ ካለች ቀን ጀምሮ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ወይም በሕፃን ብሩሽ ይጥረጉላት። ልጁ ሰባትና ስምንት ዓመት እስኪሆነው ድረስ ማታ ማታ እርስዎ ይቦርሹለት። “ራሱ ይችላል” ማለት ጥሩ ነው፤ እጁ ግን ገና አይችልም።

– “የወተት ጥርስ ነው፣ ይወልቃል” ብለው ሲበሰብስ ዝም አይበሉ። መግሉ ከሥሩ ላለው ቋሚ ጥርስ ይተርፋል፤ ያለጊዜው ከተነቀለም የሚተካው ጥርስ ቦታ ያጣል።

– ስድስት ዓመት ሲሞላው የልጅዎን አፍ ከፍተው ከኋላ ይመልከቱ። ከመጨረሻዋ የወተት መንጋጋ ጀርባ ሰፊ፣ ብዙ ሸንተረር ያላት አዲስ መንጋጋ ትወጣለች። በቦታዋ ቀድሞ የወለቀ ጥርስ ስለሌለ ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ ትመስለዋለች። አይደለችም፤ ዕድሜ ልክ የምትኖር ናት፣ አንዴ ከተነቀለች ምትክ የላትም። ስትወጣ ከጎረቤቷ ዝቅ ስለምትል ብሩሹ በላይዋ ያልፋታል። ብሩሹን ከጎን፣ በጉንጭ በኩል አግድመው ያስገቡና እሷን ለብቻዋ ይቦርሹ። ሐኪም ዘንድ ከወሰዱት ሸንተረሯን በቀጭን ልባጥ ሊሸፍንላት ይችላል። ቋሚ መንጋጋ አስነቅሎ ከሚመጣ ጎረምሳ ይልቅ አንድ ጊዜ ያስመረመረ የስድስት ዓመት ልጅ ባይ ደስ ይለኛል።

– ግግ አያስነቅሉ። ሕፃኑ ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው ድዱ ላይ ነጭ ሆኖ የሚታየው እብጠት ሊበቅል የተዘጋጀ የክራንቻ ጥርስ ነው። በጋለ ብረት ወይም በሹል ነገር መቆፈሩ ለመድማት፣ ለመመረዝ፣ ለቴታነስና ለኤች አይ ቪ ያጋልጠዋል፤ የቋሚው ክራንቻ ዘርም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ተቅማጡ ደግሞ አይቆምም። ሕፃኑ የሚያስፈልገው ጡት፣ ኦአርኤስና ጤና ጣቢያ ነው። በልጆች ላይ የሚፈጸም ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያስቀጣል። ሠፈርዎ ውስጥ ግግ የሚያወጣ ሰው ካለ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ይንገሩ።

– የምግብ እጥረት ያለበት ወይም ከኩፍኝ ያገገመ ሕፃን ድዱ ቆስሎ ከሸተተ፣ ጉንጩም ካበጠ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ያድርሱት። ኖማ የሚባለው ፊትን የሚበላ በሽታ እንዲህ ነው የሚጀምረው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በመድኃኒትና በምግብ ይቆማል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች መዝገብ አስገብቶታል።

– ልጅ ወድቆ ቋሚ የፊት ጥርሱ ሙሉ በሙሉ ከወለቀ ጥርሱን አይጣሉት። ነጩን ጫፍ ይያዙ፣ ሥሩን አይንኩ። ከቆሸሸ ለጥቂት ሰከንድ በወተት ወይም በውሃ ያለቅልቁት፤ አይፈትጉት። ቦታው ላይ መልሰው ጨርቅ ያስነክሱት። ካልሆነልዎ ከቅርብ ሱቅ ወተት ገዝተው ውስጡ ይክተቱትና ወዲያው የጥርስ ሐኪም ዘንድ ይሮጡ። በሶፍት አይጠቅልሉት፣ ውሃ ውስጥም አያቆዩት። በግማሽ ሰዓት ከደረሱ የመዳን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ በጣም ይቀንሳል። የወተት ጥርስ ከሆነ ግን አይመልሱት፤ እንደ ልማዱ ጣራ ላይ ይወርውረው።

እነዚህንም ይተዉ

– ቆርኪ በጥርስ አይክፈቱ፤ ክርና ፌስታልም በጥርስ አይበጥሱ።
– ቆሎ ሲያዘጋጁ ጠጠሩን በደንብ ይልቀሙ። ለእንግዳ በቀረበ ቆሎ ጥርሱ የተሰነጠቀ ሰው ብዙ ነው።
– ድድ አይነቀሱ። ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶቻችን ውበት የማይካድ ነው፤ ዛሬ ግን በተጋሩት መርፌ የሚተላለፈውን እናውቃለን። የተነቀሰ ድድ ሲቆጣ ቀይነቱ ስለማይታይ በሽታውም ይደበቃል። ቀድሞ የተነቀሱ ሰዎች መድማቱን ይከታተሉ።
– ለሚያም ጥርስ ነጭ ሽንኩርት፣ አስፕሪን ወይም አረቄ ድድ ላይ አያስቀምጡ፤ ያቃጥላል። የእምቧይ ፍሬ ጭስም አይታጠኑ። ለብ ያለ ጨው ውሃና በአግባቡ የተወሰደ ፓራሲታሞል እስከ ሐኪም ቤት ያደርሳል።
– ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሁለት ሦስት ፍሬ አሞክሲሲሊን ገዝተው አይዋጡ። የተቦረቦረ ጥርስ በክኒን አይሞላም፤ የሚያተርፉት መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ነው።

ሳይውል ሳያድር

ከታመመ ጥርስ የተነሳ እብጠት ወደ ዓይን ወይም ወደ አንገት ከተዛመተ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ ምራቅ መዋጥ ወይም መተንፈስ ከከበደ፣ ትኩሳት ከጨመረ ጠዋትን አይጠብቁ፤ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። በእንጦጦ ጸበል የሚጠመቅ ሰውም ቢሆን ሕክምናውን ከጸበሉ ጋር ያስኪደው። በሁለት ሳምንት ያልዳነ የአፍ ቁስልም ይታይ።

የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ

– ሳያምዎት በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ይታዩ። ፈቃዱ ግድግዳው ላይ መኖሩን፣ ጓንቱ አዲስ መሆኑን፣ መሣሪያው ከታሸገ ማሸጊያ መውጣቱን ይመልከቱ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

– “ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያሳሳል” የሚለውን አይስሙ። ታጥቦ የሚወጣው የጠጠረው ቆሻሻ ነው። ከታጠበ በኋላ የሚሰማው ክፍተት ቆሻሻው ይዞት የነበረ ቦታ ነው።

– ሐኪሙ “ይድናል” ካለ “ንቀልልኝ” አይበሉ። ማስሞላትም፣ ነርቭ ማስገደልም ከማስነቀል ይልቅ ጊዜና ገንዘብ ይፈልጋል፤ አንድ መንጋጋ ሲጎድል ግን ጎረቤቶቹ ወደ ባዶው ቦታ ያጋድላሉ፣ ከፊት ለፊት ያለውም ይወርዳል ወይም ይወጣል።

– የግድ ከተነቀለ ፋሻውን ለግማሽ ሰዓት አጥብቀው ይንከሱ። በዚያ ቀን አይጉመጥመጡ፣ ደጋግመው አይትፉ፣ ትኩስ ቡና አይጠጡ፣ አያጭሱ፤ ቀዳዳው ላይ የረጋውን ደም በምላስም በጣትም አይነካኩት። ከማግሥቱ ጀምሮ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙተው ከምግብ በኋላ በቀስታ ይጉመጥመጡ፤ የቀሩትን ጥርሶች መቦረሽም አያቋርጡ። ደሙ ካልቆመ፣ ወይም በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ ከበረታ፣ ወደ ነቀለልዎት ሐኪም ይመለሱ።